በቤሪሊየምና በቦሮን መካከል ያለው ባዶ ቦታ ምንድን ነው?

የኬሚስትሪ መምህርት፣ ከቢቸና አካባቢ

ጤና ይስጥልኝ። በምሥራቅ ጎጃም ቢቸና አካባቢ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ9ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት የንጥረ ነገሮችን ፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ሳስረዳ አንዲት ተማሪ ያነሣችውን ጥያቄ በአግባቡ ሳልመልስላት ቀርቻለሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከአእምሮዬ ስላልወጣ ወደ እናንተ ይዤው መጣሁ።

ጥያቄዋ እንዲህ ነበር። በሁለተኛው ረድፍ ላይ ተራ ቁጥሩ 4 የሆነው ቤሪሊየም፣ ተከታዩ 5 ቁጥር ደግሞ ቦሮን ሆኖ ሳለ በሁለቱ መካከል ዐሥር ቤት የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። በሦስተኛውም ረድፍ በማግኒዚየምና በአሉሚኒየም መካከል ያው ነው። «እነዚህ ገና ያልተገኙ ንጥረ ነገሮች ቦታ ናቸው?» አለችኝ። ሜንዴሌቭ በሰንጠረዡ ላይ ክፍት ቦታ እየተወ ያልተገኙትን አስቀድሞ እንደተናገረ ከአንድ ቀን በፊት አስተምሬያቸው ስለነበር፣ ብዙም ሳላስብ «ምናልባት ወደፊት ይገኙ ይሆናል» ብዬ አለፍኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳሰላስለው መልሴ ስሕተት መሆኑ ገባኝ። ነገር ግን ስሕተት መሆኑን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ቦታው ለምን ባዶ እንደሆነ ለ15 ዓመት ልጅ በሚገባት ቋንቋ ማስረዳት ሌላ ነው። እኔ ራሴ «ኤስ ብሎክ፣ ፒ ብሎክ፣ ዲ ብሎክ» እያልኩ በቃሌ ይዤ ነው የተመረቅሁት።

ሁለተኛው ጭንቀቴ የሰጠሁት ምሳሌ ነው። ልጆቹ ሁሉ ስለሚያውቁት ሰንጠረዡን ከፊደል ገበታ ጋር አመሳስዬው ነበር። ይህችው ተማሪ ግን የፊደል ገበታ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ እንደሆነና እንዲህ ያለ ክፍተት እንደሌለው አስተውላለች። ምሳሌውን ብተወው ይሻላል ወይስ የሚስተካከልበት መንገድ አለ?

ጡረታ የወጣ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ

የተከበሩ መምህርት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳስተምር ይህን ጥያቄ አንድም ተማሪ አልጠየቀኝም፤ ልጅቷን በእኔ ስም ያመስግኑልኝ። በሰንጠረዡ ታሪክ ውስጥ ሁለት ዓይነት ባዶ ቦታ አለ፤ የተቀላቀሉብዎትም እነዚህ ሁለቱ ናቸው። አንደኛው ባለቤቱ ገና ያልገባበት ቤት ነው። ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያውም ቤት ያልተሠራበት ሜዳ ነው።

ስለ መጀመሪያው ልጀምር። ሩሲያዊው ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ እ.ኤ.አ. በ1869 ሰንጠረዡን ሲያወጣ የታወቁት ንጥረ ነገሮች 63 ብቻ ነበሩ። ኤሌክትሮን እንኳ የተገኘው ከዚያ 28 ዓመት በኋላ፣ በ1897 ስለሆነ፣ የአቶም ውስጥ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው በዘመኑ አልነበረም። በእጁ ያለው የእያንዳንዱ አቶማዊ ክብደትና ጠባይ ብቻ ነበር፤ ጠባይ ስል ከኦክስጅን ወይም ከክሎሪን ጋር በምን መጠን እንደሚዋሃድ፣ የሚሰጠው ውሁድ አሲድነት ያለው መሆን አለመሆኑን የመሳሰለውን ነው። በክብደት ቅደም ተከተል ሲደረድራቸው ከዚንክ (65) ቀጥሎ የሚመጣው አርሴኒክ (75) ሆነ። አርሴኒክን በተራው ቢያስቀምጠው ከአሉሚኒየም ሥር ይወድቃል፤ ጠባዩ ግን የፎስፎረስ እንጂ የአሉሚኒየም አይደለም። ሜንዴሌቭ ከተራው ይልቅ ጠባዩን አመነ። ሁለት ቤት ዘልሎ አርሴኒክን ከፎስፎረስ ሥር አስቀመጠውና የተዘለሉት ሁለቱ ቤቶች ባለቤት አላቸው አለ።

በ1875 ፈረንሳዊው ለኮክ ደ ቧቦድራን ጋሊየምን አገኘ። እፍጋቱን ለክቶ 4.7 ቢልም ሜንዴሌቭ ብረቱን በዓይኑ ሳያየው 5.9 ገደማ መሆን እንዳለበት ተከራከረ፤ ቧቦድራንም ናሙናውን አጥርቶ ደግሞ ሲለካው 5.9 ሆኖ አገኘው። (ጋሊየም በ29.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል። እኛ ደጋ ላይ ጠረጴዛ ላይ ብናስቀምጠው ጠጣር ሆኖ ይቆያል፤ ወደ ዓባይ በረሃ ይዘነው ብንወርድ ግን በቀትር ሙቀት በራሱ ጊዜ ፈሳሽ ይሆናል። ለተማሪዎችዎ ይህን ቢነግሯቸው አይረሱትም።) ሁለተኛው ቤት በ1886 በጀርመናዊው ቪንክለር በተገኘው ጀርማኒየም ተሞላ። ሜንዴሌቭ ክብደቱ 72 ይሆናል ብሎ ነበር፤ ዛሬ 72.6 መሆኑን እናውቃለን።

በቤሪሊየምና በቦሮን መካከል ያለው ግን እንዲህ ያለ ቤት አይደለም። ይህን በእርግጠኝነት ለመናገር ያስቻለው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞዝሊ ነው። ሞዝሊ እ.ኤ.አ. በ1913 ከተለያዩ ንጥረ ነገሮች የሚወጣውን ኤክስሬይ ለካ። የፍሪኩዌንሲው ስኩዌር ሩት ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደሚቀጥለው ሲታለፍ ሁልጊዜ በእኩል እርምጃ እንደሚጨምር አየና፣ እያንዳንዱ አቶም በውስጡ የሚቆጠር ነገር እንዳለው ተረዳ፤ ያ ቁጥር ዛሬ የፕሮቶን (በአቶሙ እምብርት ውስጥ ያለው ቅንጣት) ብዛት ወይም አቶማዊ ቁጥር የምንለው ነው። ከዚያ ወዲህ የሰንጠረዡ ተራ የሚወሰነው በክብደት ሳይሆን በዚህ ቁጥር ሆነ። ሜንዴሌቭን ያስቸገረው የቴሉሪየምና የአዮዲን ነገርም በዚሁ ተፈታ፤ ቴሉሪየም በክብደት (127.6) ከአዮዲን (126.9) ቢበልጥም በፕሮቶን 52 ስለሆነ ከ53 መቅደም አለበት። ሞዝሊ 43፣ 61 እና 75 ቁጥሮች ባለቤት እንዳልተገኘላቸውም አመለከተ፤ ሦስቱም በኋላ ተገኙ። እርሱ ግን በ1915 በጋሊፖሊ ጦርነት በ27 ዓመቱ ሞተ። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር አዝናለሁ።

ስለዚህ ለልጅቷ የሚሰጠው አጭር መልስ ይህ ነው። ቤሪሊየም 4 ፕሮቶን አለው፤ ቦሮን 5። በ4 እና በ5 መካከል ሌላ ሙሉ ቁጥር የለም፤ ግማሽ ፕሮቶን የሚባል ነገርም ስለሌለ በመካከላቸው ዛሬም ሆነ ወደፊት የሚገኝ ንጥረ ነገር አይኖርም።

እዚህ ላይ «ታዲያ ለምን አራርቀው ጻፏቸው?» ማለቷ አይቀርም። ይህ የኤሌክትሮን ጉዳይ ነው። በአቶም ዙሪያ ያሉት ኤሌክትሮኖች በደረጃ በደረጃ ይቀመጣሉ፤ ደረጃዎቹም በንዑስ ደረጃ ይከፈላሉ። ኤስ የሚባለው 2፣ ፒ 6፣ ዲ 10፣ ኤፍ 14 ኤሌክትሮን ይይዛል። አሁን ሰንጠረዡን ከግራ ወደ ቀኝ ይቁጠሩት፤ በግራ 2 ዓምድ፣ በቀኝ 6 ዓምድ፣ በመካከል 10 ዓምድ፣ ከታች ተነጥለው በተጻፉት ሁለት ረድፎች ደግሞ 14 ዓምድ ነው። የሰንጠረዡ ቅርጽ ሠዓሊ ያወጣው ሳይሆን ይህ ቁጥር ያወጣው ነው። ሁለተኛው ደረጃ ኤስ እና ፒ እንጂ ዲ የለውም፤ ስለዚህ በሁለተኛው ረድፍ ከ2 ቀጥሎ 6 ይመጣል፤ የመካከሉ ዐሥር ዓምድ የሚመለከተው ንጥረ ነገር የለም። ሦስተኛው ደረጃ ዲ ቢኖረውም፣ ውኃ ዝቅተኛውን ቦታ ሳይሞላ ወደ ከፍታው እንደማይወጣ ሁሉ፣ ኤሌክትሮኖች የአራተኛውን ደረጃ ኤስ አስቀድመው ይይዛሉ፤ የሦስተኛው ዲ መሞላት የሚጀምረው በአራተኛው ረድፍ በስካንዲየም (21) ነው፤ እስከ ዚንክ (30) ድረስ ያሉት ዐሥሩ በዚህ ምክንያት መካከሉን ያዙ። የላይኞቹ ረድፎች የተራራቁት ከታች የሚመጡት ዐሥሩ ዓምዶች መግቢያ እንዲያገኙ ነው። የረድፎቹ ርዝመት 2፣ 8፣ 8፣ 18፣ 18፣ 32፣ 32 ሲሆን ሲደመር በትክክል 118 ይሆናል።

የፊደሉን ምሳሌ ግን እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ልጆችን ያሳስታል።

የቀድሞ የቆሎ ተማሪ፣ አሁን የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር

ጋሼ እንዳሉት ነው፤ በመጨረሻው ቃላቸው ላይ ግን በአክብሮት እለያለሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ኬሚስትሪ ስማር ሰንጠረዡን የገለጠልኝ ያው ገበታ ነበር። ምሳሌው የሚያሳስተው እስከ የት እንደሚሄድ ካልተነገረ ብቻ ነው።

የሚሠራበት ቦታ ይህ ነው። «ሩ» የሚለውን ፊደል ገበታው ላይ ስታዩ አድራሻው ሁለት ነገር ይነግራችኋል፤ ከረድፉ የ«ረ» ዘር መሆኑን፣ ከዓምዱ ካዕብ መሆኑን። ሶዲየምም እንዲሁ ነው። ሦስተኛ ረድፍ ላይ መሆኑ ኤሌክትሮኖቹ በሦስት ደረጃ እንደተቀመጡ፣ አንደኛ ዓምድ ላይ መሆኑ በውጨኛው ደረጃ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ እንዳለው ይናገራል። ካዕቦች ሁሉ አንድ ዓይነት ድምፅ ይዘው እንደሚጨርሱ፣ ሊቲየም፣ ሶዲየምና ፖታሲየምም ያችን አንዷን ኤሌክትሮን ለመስጠት ስለሚቸኩሉ ከውኃ ጋር ሲገናኙ ሃይድሮጅን እያወጡ ይፈላሉ፤ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ያችው ኤሌክትሮን ከአቶሙ እምብርት ስለምትርቅ ችኮላው ይብሳል።

ምሳሌው የሚያቆምበት ቦታ ደግሞ ይህ ነው። የፊደልን ረድፎች ቅደም ተከተል መለወጥ ይቻላል። ሀለሐመ የሚለው አለ፤ አበገደ የሚለውም አለ፤ በሁለቱም ያነበበ ሰው ያው አንባቢ ነው። የንጥረ ነገሮችን ቅደም ተከተል ግን ማንም ሊለውጠው አይችልም፤ ምክንያቱም ጋሼ እንዳስረዱት እያንዳንዱ ቤት በቁጥር የታሰረ ነው። ሰባት ረድፍ መኖሩና ፊደልም ሰባት ዓይነት ድምፅ መያዙ መገጣጠም ብቻ መሆኑንም ቢነግሯቸው ጥሩ ነው፤ ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር ቶሎ ምሥጢር ያደርጉታል።

ተማሪዋ ገበታው ሙሉ ነው ያለችው ግን ዲቃላ ፊደላትን ስላላየች ይመስለኛል። ቈ፣ ኈ፣ ኰ፣ ጐ ከዋናው ገበታ ተለይተው ከታች ይጻፋሉ፤ እነርሱም አምስት አምስት እንጂ ሰባት ሰባት አይደሉም፤ የካዕባቸውና የሳብዓቸው ቦታ ባዶ ነው። ካዕባቸው ጠፍቶ አይደለም፤ ማንም ሊቅ ወደፊት ይገኛል ብሎ አይጠብቀውም። ቋንቋው እዚያ ቦታ ላይ ፊደል ስለማያስፈልገው ነው። ለእኔ ይህ ከቤሪሊየምና ከቦሮን መካከል ካለው ሜዳ ጋር የሚመሳሰል ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ከሰንጠረዡ ሥር ተለይተው የተጻፉትን ላንታናይዶችና አክቲናይዶች እንደ ዲቃላ ፊደላት አድርገው እንዳያስተምሯቸው። እነዚያ ከታች የወረዱት ለወረቀት ስፋት ሲባል ነው። ከባሪየም (56) ቀጥሎ ላንታነም (57) ብሎ እስከ ሉቴሺየም (71) ያለ ምንም መቋረጥ ይቀጥላል፤ ከዚያ ሀፍኒየም (72) ይመጣል። በቦታቸው ቢገቡ ሰንጠረዡ 32 ዓምድ ስለሚሆን ግድግዳ ላይ ለመስቀል ያስቸግራል። ዩራኒየምን የመሰሉት በዚያ ተርታ የተቀመጡትም ቢሆን በአሜሪካዊው ግሌን ሲቦርግ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው፤ ከዚያ በፊት ዩራኒየም ከተንግስተን ሥር ይጻፍ ነበር። ከይትሪየም ሥር መቀመጥ የሚገባው ላንታነም ነው ወይስ ሉቴሺየም በሚለው ላይ ደግሞ ሊቃውንቱ ዛሬም አልተስማሙም።

የአፈር ባለሙያ፣ ከእንጅባራ

እኔ ከአፈር ጋር ስለምሠራ ዓምዶቹን በየቀኑ እግሬ ሥር አያቸዋለሁ፤ የጎጃም ልጆች ደግሞ አብዛኞቻቸው የገበሬ ልጆች ስለሆኑ ሰንጠረዡን በዚህ በኩል ቢያዩት ይጠቅማቸዋል ብዬ አምናለሁ።

በአዊና በምዕራብ ጎጃም የእርሻ መሬታችን በአሲድነት የተጎዳ መሆኑ የታወቀ ነው። ምክንያቱ በሰንጠረዡ ላይ ይነበባል። በየክረምቱ የሚወርደው ከባድ ዝናብ ከአፈሩ እያጠበ የሚወስደው ፖታሲየምን፣ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን ነው፤ ሦስቱም የሚገኙት በመጀመሪያዎቹ ሁለት የግራ ዓምዶች ውስጥ ነው። ውጨኛውን ኤሌክትሮናቸውን በቀላሉ ሰጥተው አዮን (የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለው አቶም) ስለሚሆኑና አዮናቸውም የሚሸከመው ቻርጅ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ስለሆነ አፈሩ አጥብቆ አይዛቸውም። በቦታቸው የሚቀሩት ሃይድሮጅንና ባለ ሦስት ቻርጁ አሉሚኒየም ናቸው፤ የሟሟ አሉሚኒየም ሲበዛ የሰብሉን ሥር ያቀጭጫል። ገበሬው ኖራ ሲበትን ያንኑ የታጠበውን ካልሲየም መመለሱ ነው፤ ከኖራው ጋር የሚገባው ካርቦኔትም አሲዱን ያረክሰዋል። በደጀን በኩል ወደ ዓባይ ሲወረድ በገደሉ ላይ የሚታየው የኖራ ድንጋይ ይኸው ካልሲየም ካርቦኔት ነው።

ሦስተኛውን ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ ብትሄዱበት ከኦክስጅን ጋር የሚሠሩት ውሁድ ጠባይ ቀስ በቀስ ሲለወጥ ታያላችሁ። የሶዲየምና የማግኒዚየም ኦክሳይዶች ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ናቸው፤ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ በሁለቱም በኩል ይሠራል፤ የፎስፎረስና የድኝ ኦክሳይዶች ከውኃ ጋር ሲገናኙ አሲድ ይሆናሉ። በአራተኛውም ረድፍ በዚያው በግራ በኩል የተቀመጠው ካልሲየም ኦክሳይዱ ቤዝ ነው። ይህ ለውጥ በእያንዳንዱ ረድፍ ደግሞ ደጋግሞ ስለሚመጣ ነው ሰንጠረዡ ፔሪዮዲክ የተባለው፤ ቃሉ ተመላላሽ እንደማለት ነው።

ልጆቹ የሚያውቁት ኤንፒኤስ ማዳበሪያም ለትምህርት ይሆናል፤ ስሙ የናይትሮጅን፣ የፎስፎረስና የድኝ ምልክቶች ነው። ናይትሮጅንና ፎስፎረስ አንድ ዓምድ ላይ ናቸው፤ ሁለቱም በውጨኛው ደረጃ አምስት ኤሌክትሮን አላቸው። ግን አንዱ የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለ ጋዝ ነው፤ ሌላው ጠጣር። የአንድ ዓምድ ልጆች ወንድማማቾች እንጂ መንታዎች አለመሆናቸውን ይህ ያሳያል። ከፎስፎረስ ሥር ያለው አርሴኒክ ደግሞ መርዝነቱ በከፊል ከዚሁ ዝምድና የሚመጣ ነው፤ አርሴኔት ፎስፌትን ስለሚመስል የሰውነት ሴል አሳስቶ ያስገባውና በፎስፌት ሊሠራ የነበረው ሥራ ይበላሻል። ጋሼ የነገሩን ሜንዴሌቭ ሁለት ቤት ዘልሎ አርሴኒክን ከፎስፎረስ ሥር ያስቀመጠበት መመሳሰል ይኸው ራሱ ነው።

የኬሚስትሪ መምህርት፣ ከቢቸና አካባቢ

ጋሼ፣ እናንተም ወንድሞቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰኞ ዕለት ክፍል ገብቼ በመጀመሪያ ያለፈው መልሴ ስሕተት እንደነበረ ለሁሉም ነገርኳቸው። ከዚያ 118 ባቄላ ቆጥረን ወደ ሜዳ ወጣንና ረድፍ በረድፍ፣ 2፣ 8፣ 8፣ 18፣ 18፣ 32፣ 32 አድርገን መሬት ላይ ደረደርነው። ላንታናይዶቹንና አክቲናይዶቹን በትክክለኛ ቦታቸው ስላስገባናቸው ድርድሩ በጣም ረዘመ፤ ልጆቹ በሁለተኛው ረድፍ በ4 ቁጥርና በ5 ቁጥር ባቄላ መካከል ያለው ክፍተት ከታች የሚመጡትን ሁሉ ለማሳለፍ የተተወ መሆኑን ያለ ብዙ ማብራሪያ አዩት። ዲቃላ ፊደላትንም አሳየኋቸው፤ አንድ ዲያቆን ተማሪያችን የካዕብና የሳብዕ ቦታቸው ለምን ባዶ እንደሆነ ከእኔ በተሻለ አስረዳ።

ያችው ተማሪ ግን አላቆመችም። የንዑስ ደረጃዎቹን ቁጥር ደብተሯ ላይ ጻፈችና፣ ከ2 ወደ 6፣ ከ6 ወደ 10፣ ከ10 ወደ 14 ሁልጊዜ አራት አራት እየጨመረ ስለሚሄድ የሚቀጥለው 18 መሆን አለበት፣ ስለዚህ ስምንተኛ ረድፍ ቢኖር ርዝመቱ 32 ሲደመር 18፣ ማለትም 50 ይሆናል አለች። ይህን ከየትም አላነበበችም። ትክክል ናት ልበላት?

ጡረታ የወጣ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ

ቆጠራዋ ትክክል ነው ይበሏት። አምስተኛው ንዑስ ደረጃ ጂ ይባላል፤ የሚይዘውም 18 ኤሌክትሮን ነው። በእርሷ ስሌት ስምንተኛው ረድፍ በ119 ጀምሮ በ168 ያበቃል። ከዚህ ጋር ግን ሁለት ነገር ይንገሯት። አንደኛ፣ እስካሁን 119ኛውን ለመሥራት የቻለ የለም፤ የመጨረሻው 118ኛው ኦጋኔሰን ስሙ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ የተሠሩት አቶሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም አንድ ሺህኛ ሰከንድ አይሞላም። ሁለተኛ፣ በእንዲህ ያሉ ከባድ አቶሞች ንዑስ ደረጃዎቹ በኃይል መጠን በጣም ስለሚቀራረቡ ኤሌክትሮኖች የሚሞሉበት ቅደም ተከተል እንደ ላይኞቹ ረድፎች የጠራ ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ 50 የቆጠራ ውጤት እንጂ በልኬት የተረጋገጠ አይደለም።

ባቄላውን ደግመው ሲደረድሩ ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ዐሥሩን ዓምድ ለማስገባት የላይኛው ረድፍ ተከፈተ፤ ዐሥራ አራቱን ለማስገባት እንደገና ተከፈተ። እነዚያን አዲስ 18 ዓምዶች የት ላይ ከፍታ ታስገባቸዋለች? መልሷን እዚህ ቢጽፉልን እጠብቃለሁ።